ከጣርማ በር በታች ያለው ዩኒቨርሲቲ

የመጨረሻ ልጄ በስልኩ በሚጫወተው ጨዋታ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከተማውን እየገነባ ይሄድና መንገዱንም ድልድዩንም ሠርቶ ሲበቃው ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ሕንፃ ያቆማል። ትንንሽ ሰዎች ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። «እማዬ፣ ይኼ እኮ የትም የለም፤ ጨዋታው ውስጥ ብቻ ነው ያለው» አለኝ አንድ ቀን። እኔም እንዲህ ባለ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንደማውቅ ነገርኩት። ሳቀብኝ። በዚያን ጊዜ ግን ያልሳቁበት ሰዎች ነበሩ፤ የጋሼ በድሩን ነገር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጋሼ በድሩ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የቆርቆሮ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፋቸው ሁልጊዜ ስፒል የነከሰ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የሚናገሩት በከንፈራቸው ጥግ ነው። በደርግ ጊዜ ሰፊዎቹ በማኅበር ተደራጁ ተባለና ከአባታቸው የወረሱት የስፌት መኪና የማኅበሩ ንብረት ሆነ፤ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። ጋሼ በድሩ በየማለዳው መኪናውን ዘይት ሲያጠጡ ዘይቱ እንደምንም ብሎ ቁጥሩ ላይ ይፈስ ነበር። ቀለሙ ሲለቅ የማኅበሩ ሰዎች መጥተው እንደገና ይቀቡታል፣ ዘይቱ እንደገና ይፈስበታል።

«ምን ላድርግ፣ ዘይት ነው» ይሏቸዋል። «መፍሰስ ልማዱ ነው።»

እኔ ያኔ ካገባሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። ባሌ የመንግሥት እርሻ ላይ ይውላል፣ እኔ በረንዳው ጫፍ ላይ ሎሚና ፓፓያ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ከጎኔ እትዬ ከዲጃ ማሾ ይሸጣሉ። ከቀትር በኋላ ቆላው ሲግል አስፋልቱ ላይ ሰው አይታይም፤ ልብስ ለማሰፋት የመጣው ሁሉ ከጋሼ በድሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ጨዋታው የተፈጠረው ለዚያ ሰዓት ነበር።

ጨዋታው አንድ የተዘረጋ የእህል ጆንያ ነው። በላዩ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠሉ መንገድ ሰፍተውበታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንዱ የከተማችን ሰው ልብስ የተረፈ ነው፣ በእያንዳንዱም ላይ የቦታው ስም በክር ተጽፏል። መነሻው «ቤት» ይባላል፤ ከእትዬ ከዲጃ የሰርግ ቀሚስ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ነው። ከዚያ «ገበያ»፣ ከዚያ «ድልድይ»። «ክረምት» ላይ ያረፈ ወንዙ እስኪጎድል አንድ ዙር ይቆማል። «ወባ» ላይ ያረፈ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይተኛል። ይህን ሁሉ ያመለጠ ሰው «ፈተና» ላይ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና ይወጣና ጥቁር ጨርቅ ላይ ያልቃል፤ ያ የጣርማ በር ዋሻ ነው። እዚያ የገባ ከጨዋታው ወጣ። ሁለተኛው መንገድ ቆላ ለቆላ ሄዶ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ከተሰፋች አንዲት የሾላ ዛፍ ሥር፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ያደርሳል። በላዩ በቀይ ክር «የሮቢ ዩኒቨርሲቲ» ይላል።

የምንራመደው በቆርኪ ነው። የምንጥለው ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ አምስት ቁራጭ የማሽላ አገዳ ነው፤ ነጭ ሆዱን ያሳየው ተቆጥሮ ያን ያህል እንሄዳለን። ፈተናው ላይ ነጩ ከበዛ ቆላውን፣ ጀርባው ከበዛ ዳገቱን ያዝን ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የደረሰ ሰው ግን እንዲሁ አይገባም። ጋሼ በድሩ የመኪናውን ፔዳል ሳያቆሙ ይጠይቃሉ።

«ምን ልትማር መጣህ?»

መልስ የሌለው በር ላይ ይቆማል።

ደምሴ የሚባል ባለ አህያ ጋሪ ነበር፤ «የእንስሳት ሕክምና» ብሎ ገባ።

«ለአህያዋ ነው ወይስ ለራስህ?» አሉት እትዬ ከዲጃ።

«ከመሃላችን ቀድሞ ለታመመው።»

እትዬ ከዲጃ ራሳቸው ሕግ ሊማሩ ገቡ። ማንን ሊከሱ እንደሆነ ሲጠየቁ ባላቸውን አሉ፤ ማሾውን እየዘገነ ለእናቱ ይወስድባቸው ነበርና። እኔ ተራዬ ደርሶ «ማንበብ» ስል በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ በድሩ አልሳቁም።

«እንግዲያው በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢና ግቢ» አሉኝ።

አልቻልኩም። ከዚያ ወዲያ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ጣቴን ክሩ ላይ እያስኬድኩ፣ እሳቸውም ከመኪናው ላይ ሆነው እያረሙኝ፣ ቤት፣ ገበያ፣ ድልድይ እያልኩ ፊደል ለየሁ። ዛሬ በየማለዳው ዳዊት የምደግመው በዚያ ፊደል ነው። እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ለእኔ በአንድ ሙስሊም ሰፊ እጅ ሰጠኝ።

ነገሩ የተበላሸው ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በመጣ ጊዜ ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ወታደሮቹ ከመኪና ወርደው ጎረምሳውን ሲለቅሙ የቻለ ወደ ማሽላው ውስጥ ሮጠ። ደምሴ ግን አህያዋ መንገድ መሃል ቆማ እምቢ ስላለችው እሷን ሲጎትት ደረሱበት። የመቶ አለቃው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሙቀቱ ያስመረረው ሰው ነበር።

«ውጣ መኪናው ላይ» አለው።

«እኔ ተማሪ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ጢምህ? ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ክፍሉንስ አልፌዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ነኝ። የሮቢ ዩኒቨርሲቲ።»

«ምንድን ነው የምትማረው?»

«የእንስሳት ሕክምና።» ደምሴ አህያዋን ዳበስ አደረጋት። «ይቺ መለማመጃዬ ናት።»

የመቶ አለቃው ዙሪያውን ተመለከተ። መንግሥት በዚያ ዘመን በየጊዜው አዲስ ነገር ከፈትኩ ይል ነበርና፣ የለም ብሎ እንዳይሳሳት የፈራ መሰለኝ። ወደ በረንዳው መጥቶ ከሁሉ ይልቅ ሽበት የበዛባቸውን ሰው ጠየቀ።

«ይኼ ሰውዬ እውነት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል?»

ጋሼ በድሩ ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «ገብቷል። እኔ ፊት ነው የገባው።»

ደምሴ ተለቀቀ። እኛ ለቀናት ስንስቅ ሰነበትን፤ እትዬ ከዲጃም አህያዋን «ዶክተር» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ሳቁን ያቆመው ተክሌ ነው። ተክሌ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቁምጣውን የሰፉለት ጋሼ በድሩ ናቸው፤ ደብረ ሲና ሲማርም ከልጃቸው ከመሪያም ጋር አንድ ክፍል ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም። የሚፈራ ሰው ነበር፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ሥልጣን ሲይዝ ለሌላው አይመችም። በረንዳው ላይ መጥቶ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ጋሼ በድሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ከፍተዋል አሉ።»

«ትንሽ ነው። ሁለት ስንዝር።»

«ቀልዱን ይተዉት። የመቶ አለቃው ለአለቆቹ ተናግሮ ነገሩ አውራጃ ደርሷል። አውራጃው እኔን ይጠይቃል። ምን ብዬ ልመልስ? በአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ላይ እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የለም።»

«ከጎደለ ጨምሩታ።»

ተክሌ ላቡን ጠረገ። «ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ የአውራጃ ሰው ይመጣል። እርስዎ ይነሱና፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም፣ የለም ነው የሚሉት። ከዚያ ጨርቁን ሰው ፊት በገዛ እጅዎ ይተረትሩታል። በቃ፣ ያልቃል።»

«ደምሴስ?»

«ደምሴን ለእኔ ይተዉት።»

«እኮ፣ ለአንተ ስተውልህ የት ታደርገዋለህ?»

ተክሌ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

«እምቢ ያልኩ እንደሆነ?»

«መኪናውን ማኅበሩ ይወስደዋል። እርስዎን ደግሞ የት እንደሚወስዱዎ እኔ አላዝበትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናት። የለም ይበሉና ይገላገሉ።»

እሱ ከሄደ በኋላ በረንዳው ላይ የቀረነው ሦስታችን ነበርን። እትዬ ከዲጃ ማሿቸውን እየነፉ ተናገሩ።

«አንተ በድሩ፣ የምን ድርቅና ነው? ቅዳሜ ተርትረው፣ እሑድ መልሰህ ስፋው። ክር የለህም?»

«ክር አለኝ።»

«ታዲያ?»

ጋሼ በድሩ ፔዳሉን አቆሙ። የተናገሩት ወደ እትዬ ከዲጃ ነው፤ እኔም ስለ መሪያም ከእሳቸው አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መሪያም ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ እስከ ደብረ ሲና ሸኘኋት። ብርዱን ስላልቻልኩት ከዚያ ልመለስ ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጠማዘዝ ቆሜ አየሁት፤ ወደ ጣርማ በር ሲሰወር ነው ፊቴን ያዞርኩት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ያ ሁሉ ልጅ የሚያልቅበት ጊዜ መጣ፣ ወሬዋ ጠፋ። ተነስቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከአንዱ ደጅ ወደ አንዱ ደጅ ሲሰዱኝ ሰነበቱና በመጨረሻ አንድ ባለሥልጣን፣ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም፣ ኖራም አታውቅም አለኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ ከዲጃ? እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ያን ሁሉ ዳገት ወረድኩ።»

እትዬ ከዲጃ ወንፊቱን አስቀመጡ።

«ልጅህ የለችም ሲሉኝ እሺ አልኩ» አሉ ጋሼ በድሩ። «አሁን ደግሞ እሷን ያስቀመጥኩበትን ቦታ የለም በል ይሉኛል። ሁለተኛ እሺ የለም። ወላሂ የለም።»

ፔዳሉን ረገጡ፤ የጀመሩትን ሱሪም ጨረሱ። እኔ ያን ጊዜ ነው ሰማያዊውን ጨርቅ ደግሜ ያየሁት። የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበር፤ የጠርዙ ስፌት እንኳ አልተፈታም።

ቅዳሜ ቀበሌው አዳራሽ ሰው ሞላ። የአውራጃው ሰው ወፍራም፣ ካኪ የለበሰ፣ ቸኩሎ የመጣ ሰው ነበር። ተክሌ መድረኩ ላይ ከጎኑ ተቀምጦ እጁን ይመለከታል። ጋሼ በድሩ ተጠሩ፤ ጆንያውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

«ይኼ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ነገር አለ ወይስ የለም?» አለ የአውራጃው ሰው።

«አለ።»

ተክሌ ዓይኑን ጨፈነ።

«የት ነው ያለው?»

ጋሼ በድሩ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ከቤት ተነስተው ይኼን ይዘው ይመጣሉ። ክረምቱን ካለፉት፣ ወባውም ከማረዎ፣ እዚህ ይደርሳሉ።»

ከኋላ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ሳቁን በነጠላው አፈነ። የአውራጃው ሰው ጆንያውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይኼ ጨርቅ ነው።»

«አዎ፣ ጨርቅ ነው። የእናንተም ዕቅድ ወረቀት ነው። እኛ ወረቀቱ አንድ ቀን ይሠራል ብለን እየጠበቅን ነው፤ እናንተ ጨርቁን ብትጠብቁ ምን ይጎዳችኋል?»

«ተርትረው።»

ጋሼ በድሩ ከኪሳቸው ምላጭ አወጡ። ሁላችንም እሺ ሊሉ ነው ብለን ነበር። ምላጩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ተክሌ ዘረጉት።

«እኔ የሰፋሁትን እኔ አልተረትርም። ያዘዘ ይተርትር። አንተ ና፤ ይኼን ቀሚስ ታውቀዋለህ። አጠገብህ ተቀምጣ የተማረች ልጅ ናት የለበሰችው።»

ተክሌ ወደ አውራጃው ሰው አየ፣ ሰውዬው ቀጥል በሚል አገጩን ነቀነቀ። ተክሌ ተነሳ፣ ምላጩን ተቀበለ። ክሩን ከጨርቁ መሃል ይፈልግ ጀመር።

«ከጥጉ ጀምር» አሉት ጋሼ በድሩ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ስፌቱ ድርብ ነው። ዝም ብሎ አይለቅም።»

አልለቀቀለትም። በመጨረሻ ጆንያውን አብሮ ቀደደው፤ ሰማያዊውን ጨርቅ ዙሪያውን ቆርጦ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ አልተወውም፤ ለአውራጃው ሰውም አልሰጠውም። አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ የት እንዳደረሰው ዛሬም አላውቅም።

ጋሼ በድሩን የዚያኑ ቀን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። በማግስቱ የማኅበሩ ሰዎች መጥተው የስፌት መኪናውን አነሱት፤ ሲሸከሙት እጃቸው በዘይት ተበላሸ። ደምሴን ግን የጠየቀው የለም። ጉዳዩ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሆነና ባለጋሪው መሃል ላይ ተረሳ። ተክሌም አለቆቹን አላስታወሳቸውም። ይህን ያደረገው ረስቶ ነው ወይስ አውቆ፣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ጋሼ በድሩ ሽንኩርት ሲተከል ሄደው ሽንኩርት ሲነቀል ተመለሱ። ከስተዋል፤ ሲራመዱም አንድ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። በረንዳው ላይ መጥተው መኪናው የነበረበትን ቦታ አዩት። አራቱ የእግሩ ምልክት ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«ጆንያዬ የታለ?»

እትዬ ከዲጃ ከማሿቸው ከረጢት ሥር አወጡላቸው። እሳቸው በሌሉበት ማንም አልተጫወተበትም። ጋሼ በድሩ የቀዳዳውን ዙሪያ በመዳፋቸው አሹት፤ ጠርዙ ተተልትሏል። መርፌ ለመኑኝ፣ አመጣሁላቸው። ቀይ ክር አስገቡና ያን ትልቅ ቀዳዳ እንደ ኮት ቁልፍ ቀዳዳ ጥብቅ አድርገው ዙሪያውን ዘመዘሙት። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሰው መጥቶ ያያል፣ ሰላም ብሎ ይቀመጣል። ደምሴም ጋሪውን አቁሞ መጣ። ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ ጆንያውን እንደ ድሮው፣ ከበረንዳው በታች፣ መሬት ላይ ዘረጉት።

ደምሴ ራሱን አከከ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው የት ሊሆን ነው?»

ጋሼ በድሩ ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው አፈሩን ነኩ።

«ድሮም ቦታው እዚህ ነበር። ጨርቁ ሸፍኖት ነው።»

ከዚያም ቆርኪ ጠየቁ። ያን ጨዋታ ከሰፉት ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን ተጫውተውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ጠያቂ ነበሩ። ቆርኪያቸውን ቤት ላይ አስቀምጠው አገዳውን ጣሉ። ገበያውን አለፉ፣ ድልድዩን አለፉ። ክረምት ላይ ቆሙ። ፈተናው ላይ ሲደርሱ አገዳው ጀርባውን አበዛና ዳገቱን ይዘው ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ።

«ደግመው ይጣሉት፣ ለእርስዎ ይፈቀዳል» አለ ደምሴ።

«ለማንም አይፈቀድም።» ቆርኪያቸውን አንስተው ቤት ላይ መለሱት። «እንደገና እጀምራለሁ እንጂ።»

ወባ መለሳቸው። ዋሻው ደግሞ በላቸው። እንደገና ጀመሩ። ጥላው ከበረንዳው አልፎ መንገዱ ላይ ሲወርድ፣ ሰላም ሊላቸው የመጣው ሁሉ ሥራውን ረስቶ ዙሪያቸውን ቆሞ ነበር። ፈተናው ላይ ነጩ በዛ። ቆላውን ይዘው፣ ሾላዋን አልፈው፣ ከቀዳዳው አፍ ላይ ደረሱ። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ግን አልነበረም። ያኔ እትዬ ከዲጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ልትማር መጣህ፣ በድሩ?»

«መሪያም የጀመረችውን ልጨርስ።»

«ምን ነበር የጀመረችው?»

«ገና አልመረጠችም ነበር» አሉ። «ልግባና እመርጥላታለሁ።»

እትዬ ከዲጃ ወደ ቀዳዳው በእጃቸው አመለከቱ። «ግባ።»

ጋሼ በድሩ ቆርኪውን ገፋ አደረጉት። በቀዳዳው ወርዶ አፈሩ ላይ አረፈ።